ከገጠር መጥተው አዲስ አበባ ለሚታከሙ የካንሰር ሕሙማን፦ ስለ ክትትል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ በአስታማሚነት ስመላለስ ከገጠር የመጡ ቤተሰቦች ደጋግመው የጠየቁኝ፣ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሌላውን የጠየቅኳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ሐኪማችሁ የነገራችሁ ከዚህ የሚለይ ከሆነ የሐኪማችሁን ስሙ።

ሕክምናው አልቋል ተብለናል። ታዲያ ለምን ተመለሱ ይሉናል?

ያለቀው ሕክምናው እንጂ ጥበቃው አይደለም። ቀዶ ሕክምናው፣ ኬሞው (ካንሰሩን በመድኃኒት ማከሙ) እና ጨረሩ የታየውን ዕጢ ያጠፋሉ፤ በምርመራ የማይታይ ቅሪት ግን ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ክትትል ሕመሙ ተመልሶ ከሆነ ገና ሳይስፋፋ ለመድረስ፣ ሕክምናው ራሱ ያመጣውን ጉዳት ለማከም፣ ለዓመታት የሚወሰድ ክኒን ካለም እንዳይቋረጥ ለማድረግ ነው።

ደኅና የሆነ ሰው አዝመራ ጥሎ፣ በግ ሸጦ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድሮ "ደኅና ነህ" ሊባል መምጣቱ ለገበሬ ቤተሰብ ትርጉም የለሽ መስሎ ይታያል። አልፈርድባቸውም። ሆኖም ያየኋቸው ብዙ ቤተሰቦች ታማሚያቸውን መልሰው ያመጡት ሕመሙ ራሱ ሲያስገድዳቸው ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ በእጁ ያለው አማራጭ ጥቂት ነው።

ክትትሉ በየስንት ጊዜው ነው? እስከ መቼስ ይቀጥላል?

እንደ ካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ይለያያል። ለጡት ካንሰር የተለመደው የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ቀጥሎ ያሉትን 2 ዓመታት በየ6 ወሩ እስከ 12 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ነው፤ ጡቷ ላልተወገደ ወይም አንደኛው ለቀረላት ሴት በየዓመቱ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ይታዘዛል። ለማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ እስከ 12 ወሩ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና ለእነርሱ ጠቀስኩ። ለሌላው ሐኪማችሁ የሚጽፈውን ያዙ፤ ካልጻፈ "የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት ቀጠሮ በግምት ይንገሩን" ብላችሁ ጠይቁ። ገበሬ ዓመቱን የሚያቅደው በዘርና በአጨዳ ነው፤ ቀጠሮውን አስቀድሞ ካወቀ ከሥራው ጋር ያስማማዋል።

ሁሉንም ነገር የግድ አዲስ አበባ ማድረግ አለብን?

አይደለም፤ በደንብ እንዲታወቅልኝ ከምፈልገው አንዱም ይህ ነው። የክትትል ሥራ ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል፦ አዲስ አበባ ብቻ የሚሠራና በቅርባችሁ ባለ ሆስፒታል የሚሠራ። ችግሩ ማንም ከፍሎ የማይሰጣችሁ መሆኑ ነው፤ እናንተ መጠየቅ አለባችሁ።

የካንሰር ስፔሻሊስት ግምገማ፣ አስቸጋሪ የሆነ የናሙና ምርመራ፣ ለብዙዎች ደግሞ ጨረር ወደዚህ ያመጣሉ። የጨረር ሕክምና ከ20 ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም ስለተጀመረ ከምዕራብና ከምሥራቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ "ወደዚያ መላክ እንችላለን?" ብሎ ይጠይቅ። ኬሞም እንደ ጎንደር፣ ሐዋሳና ጅማ ባሉ ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይሰጣል። በሌላ በኩል የደም ምርመራ፣ ቁስል ማጠብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል፣ አልትራሳውንድ፣ የሕመም ማስታገሻ መጻፍ ብዙውን ጊዜ በዞን ወይም በወረዳ ሆስፒታል ይሠራል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት የደም ምርመራ ይታያል፤ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ዝቅ ካለ ዙሩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ስንቱ ሰው 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ሌሊቱን መናኸሪያ አድሮ፣ ደሙን ሰጥቶ "ከሳምንት በኋላ ተመለስ" ተብሏል! ሐኪሙ ከተስማማ ምርመራውን ቀጠሮው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው በቅርብ ሆስፒታል አሠርታችሁ ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ ያ ጉዞ ይቀራል። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የሚታዘዘው ምርመራ ስም በጽሑፍ፣ ውጤቱን ተቀብሎ ለሐኪሙ የሚያሳይ አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ። ዘመድ እዚህ ያለው ሰው ዘመዱን ከአልጋና ከምግብ ይልቅ ለዚህ ቢያስቸግረው ይሻላል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ምን ወረቀት እንያዝ?

ከሁሉም በፊት የናሙናውን ውጤት፣ ማለትም የፓቶሎጂ ወረቀቱን። የካንሰሩ ማንነት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ እርሱ ከጠፋ ሌላ ሐኪም ከባዶ ሊጀምር ይገደዳል። ቀጥሎ የሕክምናው ማጠቃለያ ደብዳቤ፦ የሕመሙ ደረጃ፣ የተሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች ስምና የዙር ብዛት፣ የጨረሩ መጠንና የተሰጠበት የሰውነት ክፍል፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን። የሲቲ ስካኑን ፊልም ወይም ሲዲና የንባብ ወረቀቱንም አትርሱ። ሆስፒታሉ የሚያስቀምጠው ካርድ እዚያው ይቀራል፤ ወረዳችሁ ያለው ሐኪም አያየውም።

ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር አስጨምሩ። አንደኛው "በወረዳ ሆስፒታል ይህ ይህ ይደረግ" የሚል መመሪያ ነው። ሁለተኛው "እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይላክ" የሚል ዝርዝር ነው። ሐኪሙ ሥራ በዝቶበት ሊያመነታ ይችላል፤ በትሕትና፣ ግን ሳትለቁ ጠይቁ። ምቹው ሰዓት ከመጨረሻው ዙር አንድ ቀጠሮ ቀደም ብሎ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ሁሉም ይቸኩላል።

ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱና አዲስ አበባ ላለው ሰው ላኩ። ጎርፍ፣ አይጥና የቤት ቃጠሎ የበሉትን ወረቀት ስንቴ አይቻለሁ።

የቀጠሮው ቀን በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?

ጠይቁ፤ አትገምቱ። አክስቴ ከሰሜን ሸዋ ቆላ መጥታ ስትታከም ወረቀቷ ላይ 5/6 ተብሎ ተጽፎ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ነው፤ በፈረንጅ ግን ጁን 5 ነው፣ በእኛ ግንቦት 28 ይሆናል። እኔም ፊደል ቆጥሬያለሁ ብዬ በየካቲት አስመጣኋት። ቀኑ ገና መሆኑ ተነገረን፤ ስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ፣ ያውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ። ከዚያ ወዲህ የወሩን ስም በፊደል ሳላስጽፍ ከመስኮቱ አልነሣም። "የካቲት" ወይም "ግንቦት" ተብሎ ይጻፍ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። 8፡00 የሚል ካያችሁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ ስምንት ብላችሁ አረጋግጡ።

የማኅበረሰብ ጤና መድን አለን። አዲስ አበባ ይሠራል?

ሊሠራ ይችላል፤ በሥርዓቱ ከመጣችሁ። ሥርዓቱም ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ላይ ነው። ሪፈር ሳታጽፉ በቀጥታ ብትመጡ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት የወረዳችሁን የጤና መድን ቢሮ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከምንሄድበት ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ ወይ? ለክትትል በተመለስን ቁጥር አዲስ ሪፈር ያስፈልገናል ወይ? መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያልና ጎረቤት የነገራችሁን አትመኑ። የመድን ደብተሩ መታደሱንም እዩ፤ ዓመታዊ መዋጮው ካለፈ መስኮት ላይ ያቆሟችኋል።

መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም ከተባለ ወደ ግል ፋርማሲ ከመሮጣችሁ በፊት የከተማው አስተዳደር የሆኑትን ከነማ ፋርማሲዎችንና የቀይ መስቀል ፋርማሲን ጠይቁ፤ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ደረሰኝ ሁልጊዜ ያዙ።

ለቀጠሮ ስንመጣ የት እናድራለን?

የሚያም ጥያቄ ነው። ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ይሰጣል፤ ዘመድ የሌለው ሰው በሰንጋ ተራና በልደታ አካባቢ አልጋ ተከራይቶ ጥሪቱን ይጨርሳል፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያድራል። ሕፃን ለሚያስታምሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና የተስፋ አዲስ የሕፃናት ካንሰር ወላጆች ድርጅት ማረፊያ አላቸው። ቦታ መኖሩን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ይገባል። ለአዋቂ ያለው ዕድል ከዚህ የጠበበ ነው፤ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ከየት እንደምትመጡም አስቡ። ከደሴ መስመር ላምበረት፣ ከደቡብ ቃሊቲ፣ ከጅማ መስመር አየር ጤና ትወርዳላችሁ፤ ከሁሉም እስከ ጥቁር አንበሳ ለደከመ ሰው ሩቅ ነው። የጠዋት ቀጠሮ ያለው ሰው በዋዜማው ይግባ።

መንገድ ተዘግቶ ወይም ገንዘብ አጥተን ቀጠሮው አለፈ። አሁን ብንሄድ ይቆጡናል?

ቢቆጡም ሂዱ። ያለፈ ቀጠሮ በሩን አይዘጋም። ከሁለት ዓመት በኋላ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ፤ ነርሷ ካርዷን ፈልጋ አወጣችላት፣ ሐኪሙም አያት። በኀፍረት የተሳቀቀችው ቀርታ በቆየችባቸው ሁለት ዓመታት ነው እንጂ በተመለሰችበት ቀን አልነበረም። መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋበት ሰው ደግሞ እስኪከፈት በቅርብ ያለ ሆስፒታል ይሂድ፤ ከላይ ያልኩት ደብዳቤ የሚጠቅመው ለዚህ ቀን ነው። በኬሞ መሀል ያለ ሰው ግን ቀናት ዋጋ አላቸውና መዘግየቱን ለሐኪሙ በስልክ ያሳውቅ።

ኬሞ ወስዶ አገር ቤት ገብቶ ትኩሳት ያዘው። ወባ ይሆን? እስኪነጋ እንጠብቅ?

አትጠብቁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ፣ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴል እጅግ ይወርዳል፤ ሰውነት መከላከያ አልባ ይሆናል። በዚህ ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ እርሱም አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል፣ በሌሊትም ቢሆን።

እዚያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ትኩሳት አለው" ሳይሆን "ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ትኩሳት አለው" ይሁን። በቆላ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስላል፤ የወባ ምርመራው ይሠራ፣ አንቲባዮቲኩ ግን ውጤቱን አይጠብቅ። አስቀድሞ የሙቀት መለኪያ መግዛት ይገባል። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥ ትኩሳቱን ሸፍኖ አደጋውን ይደብቃል። በእነዚያ ቀናት ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ያልፈላ ውኃ ይቅሩ፤ ጠያቂም ጉንፋን ካለበት ከደጅ ይጠይቅ።

ከኬሞ ውጭም ቢሆን ቀጠሮ የማይጠብቅ ምልክት አለ፦ ከጀርባ ሕመም ጋር የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል። ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ካልታከመ እግሩ ላይመለስ ይችላል።

ለጡት ካንሰር በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አለ። ደኅና ሆናለች፤ ብታቆምስ?

ብዙውን ጊዜ ታሞክሲፈን ነው፤ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ10 ዓመት ይወሰዳል። ደኅና የሆነችው እየወሰደችው ስለሆነ ይሆናል፤ ካቆመች ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ገጠር ላይ ክኒኑ የሚቋረጠው በአብዛኛው በጨረሰችበት ቀን ሌላ ባለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከተቻለ የሦስት ወር ያህል በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ሳያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። አንድ ቀን ብትረሳ በማግስቱ ሁለት አትዋጥ።

በዚህ ክኒን ላይ እያለች ማርገዝ የለባትም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ቢታይ፣ አንድ እግር አብጦ ቢያም ወይም ትንፋሽ ድንገት ቢያጥር ወዲያው ሐኪም ታግኝ። ይህንን ባል በተገኘበት መነጋገር ይሻላል፤ እርሷ ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን የምትሸከመው ነገር መሆን የለበትም።

ጸበል ልንወስደው ነው። መድኃኒቱን ያቋርጥ?

አያቋርጥ። እምነቱን ከሕክምናው ጋር አታጋጩት፤ ጸሎት፣ ጸበል፣ ዱዓ ለብዙ ታማሚ ትልቅ ብርታት ነው። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አይቃረኑም ብለው አስተምረዋል። ጥንቃቄው ሌላ ነው፦ ያልፈላ ውኃ በብዛት መጠጣትና ማስመለስ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰሞን ጉዳት አለው፣ የተዋጠ ክኒንም አብሮ ይወጣል። ከኬሞው በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሂዱ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ደግሞ ተመለሱ።

ሥራ ሥርና ቅጠላ ቅጠል ግን ከዚህ ይለያል። አንዳንዱ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፣ የኬሞውንም ሥራ ያዛባል። የወሰደውን ለሐኪሙ አትደብቁ።

ለታማሚው ካንሰር መሆኑን አልነገርነውም። እንዴት እናመላልሰው?

ለፍቅር ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። በአገራችን መርዶ እንኳ በዘዴ ነው የሚነገረው። ነገር ግን ክትትል የሚያደርግ ሰው ለምን እንደሚሄድ ካላወቀ ይቀራል። "ቁስል ነበረ፣ ድኗል" የተባለ አባወራ በማሳው መካከል ለሦስት ወር ቀጠሮ አይነሣም፤ አዲስ እብጠት ቢያይም ለማንም አይናገርም። ብዙ ታማሚዎች ደግሞ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ ጨረር ክፍል ከጎናቸው የተቀመጠው ሁሉ የሚያወራው ስለ ካንሰር ነውና። ዝም የሚሉት እኛን ላለማሳዘን ነው።

በአንድ ጊዜ ሁሉን ማፍሰስ አያስፈልግም። "ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?" ብሎ ሐኪሙ እንዲጠይቀው አድርጉ፤ ከጎኑ የሚያከብረው ሰው ይቀመጥ፣ የንስሓ አባትም ቢሆን። አክስቴ ስትሰማ "እኔ ካወቅኩ ሰነበትኩ፤ እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው" አለችን።

"ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፤ ወደ ቤት ውሰዱት" ተባልን። ክትትሉ በዚህ አበቃ?

የማዳን ሕክምናው አበቃ ማለት ነው፤ ሕመሙን የማስታገሥ ሕክምና ገና ይጀምራል። ማስታገሻ ሕክምና የሚባለውን ክፍል በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚቆይ ታማሚ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ የሚያስታምም ድርጅት ነው። ለከባድ የካንሰር ሕመም ሞርፊን አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ሱሰኛ ያደርገዋል፣ ሞቱን ያፋጥነዋል ብላችሁ አትፍሩ። በተወሰነ ሰዓት እንጂ ሕመሙ ሲጮኽ ብቻ አይሰጥም። ሆድ ስለሚያደርቅ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ።

አገር ቤት ይሙት ወይስ እዚህ ይቆይ የሚለውን ብዙ ቤተሰብ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል፤ አስከሬን ማጓጓዝ ውድ መሆኑንም እያሰቡ። መጀመሪያ ታማሚውን ጠይቁት። አገሬ ካለ፣ መቀመጥ እየቻለ ውሰዱት፤ ተኝቶ ብቻ የሚሄድ ሰው በአውቶቡስ መንገዱን አይችልም። ከመነሣታችሁ በፊት የሚበቃውን ሞርፊን፣ ለወረዳው ሆስፒታል የሚሰጥ ደብዳቤና ሌሊት የምትደውሉበትን የአንድ ሰው ስልክ ያዙ። ለአክስቴ ያ ስልክ የእኔ ነበር፤ ከትራሴ ሥር አኖረው ነበር፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ደወሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ የማስታገሻውን መጠን ከደብዳቤው ላይ አንብቤላቸዋለሁ።